በሰው አገር ስለሚከበር የልጅ ልደት ቀን

በሰው አገር ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወላጆች ከሚያስቸግራቸው ነገር አንዱ የልጅ ልደት ቀን ነው። ከእነርሱ ብዙዎቹ በልጅነታቸው የልደት ቀናቸው ሲከበር አላዩም፤ ልጃቸው ግን በትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ልጅ ቀኑ ሲደርስ ሲዘመርለት ይሰማል፤ ወደ ቤቱም በገባ ጊዜ፦ የእኔስ መቼ ነው? ብሎ ይጠይቃል። አንዳንዶች ወላጆች ይህን ጥያቄ የፈረንጅ ልማድ ነው ብለው ይንቁታል፤ ሌሎችም ከአቅማቸው በላይ ደግሰው ይመልሱታል። አንባብያን ሆይ፤ ሁለቱም መንገድ ልጁን እንደሚጎዳ፣ ከሁለቱ የሚሻል ሦስተኛ መንገድም እንዳለ በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

በመጀመሪያ፣ በልደት ደስ መሰኘት ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር እንዳልሆነ እወቁ። የጌታ ልደት በታኅሣሥ ወር ይከበራል፤ ግንቦት 1 ቀንም የድንግል ማርያም ልደት ሲታሰብ ጎረቤት ሁሉ ከደጅ ወጥቶ ንፍሮና ዳቦ በአንድነት ይበላል። ሕፃን ሲወለድ ሴቶች እልል ይላሉ፤ አራሲቱን ሊጠይቁ የመጡትም ገንፎ ይቀምሳሉ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ እንደ ቤቱ አቅም ድግስ ይደረጋል። ነገር ግን አባቶቻችን ዓመት በመጣ ቍጥር የልጅን ቀን ማክበር ብዙም አላስለመዱም፤ በገጠር ያለ ብዙ ሰው የተወለደበትን ጊዜ የሚያስታውሰው በዚያን ዘመን በሆነው ነገር እንጂ በቀን ቍጥር አይደለም። ከዚህም የተነሣ በስደት ወደ አሜሪካ ከገቡት ሰዎች ብዙዎቹ ቀናቸው ስላልታወቀ ጃንዩወሪ 1 ቀን እንደ ተወለዱ ተደርገው በመዝገብ ተጽፈዋል።

ሻማው፣ ኬኩና ዜማውም ከየት እንደ መጡ ማወቅ ይጠቅማል። የሞራቪያ ወንድሞች መሪ የነበረው ካውንት ዚንዘንዶርፍ በጀርመን አገር፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1746፣ 46 ዓመት በሞላው ጊዜ ትልቅ ኬክ ተጋግሮ በዕድሜው ልክ ሻማ እንደ ተተከለበት ተጽፎ ይገኛል። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚዘመረውም የልደት ዜማ በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ የነበሩ ፓቲ ሂልና ሚልድረድ ሂል የሚባሉ እኅትማማቾች ለሕፃናት ትምህርት ቤት የማለዳ ሰላምታ አድርገው ያዘጋጁት፣ በ1893 የታተመ ነው። እንግዲህ እነዚህ የሰው ልማድ ናቸው፤ ቢወስዱአቸው ኃጢአት፣ ቢተዉአቸውም ጉድለት የለበትም።

ጉዳቱ ያለው በሌላ ስፍራ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የፈርዖንን የልደት በዓል በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 40፣ የሄሮድስንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ይነግረናል። ሄሮድስ የዮሐንስን ራስ ያስቈረጠው እያዘነ ነበር፤ ነገር ግን ስለ መሐላውና በማዕዱ ስለ ተቀመጡት እንግዶች ብሎ አደረገው። ከዚህ የምንማረው ልደት መቍጠር ክፉ መሆኑን አይደለም፤ የእንግዳን ዓይን መፍራት ሰውን ወደማይወደው ሥራ እንደሚያደርሰው ነው። ዛሬም አንድ ዓመት ለሞላው ሕፃን አዳራሽ ተከራይቶ፣ የዕቍብ ገንዘብ አፍስሶ የሚደግስ አባት አለ። ሕፃኑ በዘፈኑ ጩኸት ደንግጦ ያለቅሳል፤ አባቱም የተበደረውን ለመመለስ የሌሊት ሥራ ይጨምራል፤ ልጁም ለእርሱ ደስታ ተብሎ በተገባው ዕዳ ምክንያት ብዙ ማታ አባቱን ሳያይ ይተኛል።

ቀኑን ፈጽሞ የሚንቁትም ወላጆች ትክክል አይደሉም። ልጁ ከባልንጀሮቹ ቤት ተጠርቶ ይሄዳል፤ የእርሱ ቤት ግን አንድም ቀን አይጠራም። ከዚህም የተነሣ የወላጆቹ አገር የሚከለክል እንጂ የሚሰጥ ነገር የሌለው ይመስለዋል። እንግዲህ የሚሻለው መንገድ በአራት ነገር ይፈጸማል።

ፊተኛው ቀኑን ማወቅ ነው። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከኤውሮፓው 7 ወይም 8 ዓመት ያንሳል፤ ጳጉሜንም በ4 ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ 6 ቀን ትሆናለች። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2012 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ መዝገብ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 ተብሎ ይጻፋል፤ በተከተለው በ2013 ዓ.ም. ግን መስከረም 1 ቀን የዋለው ሴፕቴምበር 11 ቀን ነበር። አያቱ በእንቍጣጣሽ ሲመርቁት ልጁ፦ ቀኔ ነገ ነው ብሎ እንዳይከራከር ሁለቱንም ቀን ጽፋችሁ አስረዱት።

ሁለተኛው ምርቃት ነው። አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በብርድ ወራት 8 ሰዓት፣ በሙቀት ወራት 7 ሰዓት ትቀድማለች። በብርድ ወራት በዋሽንግተን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሻማ ሲበራ በአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ነውና አያቶቹ ተኝተዋል። ስለዚህ ጠዋት በ2 ሰዓት ደውሉላቸው፤ በዚያን ጊዜ በእነርሱ ዘንድ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ልጁም ተነሥቶ ቆሞ ምርቃቱን በአማርኛ ይስማ፤ አሜን ማለትንም ይልመድ። ቋንቋውን ቢረሳ ግን አያቶቹ በሕይወት ሳሉ እንኳ ምርቃታቸው አይገባውም።

ሦስተኛው ስም ነው። በልማዳችን ልጅ ከስሙ ቀጥሎ በአባቱ ስም ይጠራል፤ በፈረንጅ አገር ግን ብዙ ጊዜ የአያቱ ስም የቤተ ሰብ ስም ሆኖ ይጻፋል። እናቱም በራስዋ አባት ስም ስለምትጠራ፣ የእናትና የልጅ ስም ለምን እንደማይገጥም በትምህርት ቤት ይጠየቃል። መልሱን ያላወቀ ልጅ ያፍራል፤ ያወቀ ግን ያስረዳል። ስለዚህ መናገር ከቻለ ጀምሮ በየልደቱ የአንድ አባት ስም ጨምሩለት፤ ያም ሰው የት እንደ ኖረና ምን እንደ ሠራ የምታውቁትን ንገሩት። የአገራችን ሰዎች ዝምድናን አጣርተው ለመጋባት እንደሚያደርጉት፣ እርሱም በጥቂት ዓመት እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራል። የእናቱንም ወገን አትርሱ።

አራተኛው ማካፈል ነው። ኮባ ባይገኝ እንኳ ድፎ ዳቦ በምድጃ ይጋገራል፤ ወተትና እንቍላል የሌለበትም ስለሆነ ቀኑ በረቡዕና በዓርብ ጾም ላይ ቢውል ችግር የለበትም። በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ባርኮ ይቍረሰው፤ ልጁም በእጁ ለእንግዶች ያድርስ፤ ከደጁ ፊት ለፊት ብቻዋን ለምትኖረው ለአገሬው አሮጊትም ይውሰድላት። ስጦታ መቀበልን ማንም ሳያስተምረው ይለምደዋል፤ መስጠትን ግን ከእናንተ ሊማር ይገባዋል።

ደግሞ በአንድነት ያልተሰደደ ቤተ ሰብ እንዳለ አንዘንጋ። በቤይሩት፣ በሪያድና በዱባይ በሰው ቤት ከሚሠሩት የአገራችን እናቶች የአሠሪዎቻቸውን ልጆች ልደት እያሰናዱ የራሳቸውን ልጅ ቀን በስልክ የሚያሳልፉ አሉ። እንዲህ ያለች እናት የምትልከው ገንዘብ ብቻ እናትነትዋን እንዳይመስለው፣ ልጅዋ የተወለደበትን ቀን በድምፅዋ ትተርክለት፦ ሌሊት ወይም ቀን እንደ ነበረ፣ ማን አብሮአት እንደ ነበረ፣ ስሙን ማን እንዳወጣለትና ስለ ምን እንደዚያ እንደ ተባለ። ይህን ስጦታ ከእርስዋ የሚበልጥ ማንም ሊሰጠው አይችልም። ልጁን የሚያሳድጉት ዘመዶችም ስልኩ እስኪያልቅ አይቸኵሉ፤ አጠገቡ ተቀምጠው አብረው ይስሙ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ የልጃችሁ ቀን በቀረበ ጊዜ አስቀድማችሁ የአዳራሽ ዋጋ አትጠይቁ። ይልቁንም በሚመጣው ዓመት የማንን ስም እንደሚማር፣ ማን እንደሚመርቀው፣ ዳቦውንም ለማን እንደሚያደርስ ከእርሱ ጋር ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ከዚያ በኋላ እንደ አቅማችሁ ሻማም ቢበራ፣ ዜማም ቢዘመር መልካም ነው።