የአምስቱ በሮች ሰላምታ

በቶኪዮ ካትሱሺካ ወረዳ፣ ዮትሱጊ በሚባለው ሰፈር አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ለትምህርት ከመጣች ሦስት ሳምንት የሆናት ወጣት እዚያው የሸበቱ አንድ አዛውንት ቤት ገባች። ጫማዋን በሩ ሥር አውልቃ ገና ሳትቀመጥ ጥያቄዋን ጀመረች።

«ጋሼ፣ ይህን የሙዝ ልጣጭ በቦርሳዬ ይዤ ስዞር ዋልኩ። ሰዎቹ የቆሻሻ መጣያ የላቸውም?»

አዛውንቱ ሳቁ። «ነበራቸው። በ1995 እ.ኤ.አ. ኦም ሺንሪክዮ የተባለ ቡድን በምድር ውስጥ ባቡር ሳሪን የሚባል መርዝ ለቀቀ፤ ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲህ ለደኅንነት ሲባል ብዙዎቹ ከየጣቢያው ተነሡ።»

«ታዲያ መንገዱ እንዴት እንዲህ ጸዳ?»

«ሁሉም ቆሻሻውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ልጆቹም የሚማሩበትን ክፍል ራሳቸው ጠርገው፣ ወልውለው ነው የሚያድጉት። ‹ሜይዋኩ› የምትባል ቃል አለቻቸው፤ ሌላውን ማስቸገር፣ ሸክም መሆን ማለት ናት። ባቡር ውስጥ ስልክ ማውራት ሜይዋኩ ነው። ልጅ ሲያጠፋም በዚህችው ቃል ይገሠጻል።»

ወጣቷ ትናንት ቦርሳዋን ባቡር ውስጥ ረስታ ከነገንዘቡ እንዳገኘችው ነገረቻቸው። አዛውንቱ አልተደነቁም። በቶኪዮ ፖሊስ እጅ በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር የጠፋ ዕቃ ይገባል። ሕጉም አለ፤ ባለቤቱ በሦስት ወር ካልመጣ ብዙው ዕቃ ላገኘው ሰው ይሆናል፤ ከመጣ ደግሞ ያገኘው ሰው ከዋጋው ከ5 እስከ 20 በመቶ ወሮታ መጠየቅ ይችላል።

«እንዲህ ለሰው የሚያስቡ ከሆነ...» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጎረቤቴ አንዲት አሮጊት ናቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤታቸው ሰው ሲገባ አላየሁም።»

አዛውንቱ ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው፣ «‹ኮዶኩሺ› ይሉታል፤ የብቸኝነት ሞት» አሉ።

ነገሩ ከባድ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ብቻቸውን ሲኖሩ ቤታቸው ውስጥ ሞተው ፖሊስ ያገኛቸው ሰዎች 76,020 ነበሩ፤ 58,044ቱ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው። መንግሥት በ2021 ብቸኝነትን የሚከታተል ሚኒስትር እስከ መሾም ደርሷል። ልጆች ለሥራ ወደ ከተማ ይሄዳሉ፣ ወላጅ ይቀራል፣ መውለድም ቀንሷል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን መንገዱን ያጸዳችው ያችው ‹ሜይዋኩ› የምትባል ቃል እዚህም አለች። አሮጊቷ ጉልበታቸውን ቢያማቸው የጎረቤት በር አያንኳኩም፤ ማስቸገር ይሆንባቸዋል።

«ታዲያ ቡና ጠጡ ብዬ ብጠራቸውስ?»

«ቆይ ልጄ፣ አትቸኩዪ። ገና ሳትተዋወቁ ቤት ግቡ ብትያቸው ይጨነቃሉ። አዲስ ቤት የገባ ሰው የሚያደርገው የቆየ ልማድ አላቸው። ከፊት ለፊት ያሉትን ሦስት ቤቶች፣ ከግራና ከቀኝ ያሉትን ሁለት፣ አምስቱን በር አንኳኩቶ ስሙን ይናገራል፤ ትንሽ ስጦታ ይሰጣል። ድሮ ሶባ የሚባለው ምግብ ነበር፤ አሁን ፎጣም ብስኩትም ይሆናል። ከተሜው እየተወው ነው እንጂ የሚጠላው የለም። አንቺ አንኳኩተሻል?»

«አላንኳኳሁም።»

«ሦስት ሳምንት አልረፈደም። ዛሬ ፎጣ ግዢና ከአሮጊቷ በር ጀምሪ። ስምሽን ብቻ ንገሪያቸው፤ ጎንበስ ብለሽ ሰላምታ ስጪና ተመለሺ። በሚቀጥለው ሳምንት መንገድ ላይ ስታገኚያቸው፣ የመጀመሪያውን ቃል ራሳቸው ያወጣሉ።»