ሰዓት ያለቀበትን የፓይተን ኮድ ማፍጠን፦ የፋብሪካው ማሽኖች ጥያቄ

የመጀመሪያው ኮዳችሁ ምሳሌውን በትክክል መልሶ፣ ሰብሚት ስታደርጉት «ታይም ሊሚት ኤክሲድድ» ካላችሁ አትሰርዙት። ቀርፋፋም ቢሆን ልክ ነውና በኋላ ትልቅ ሥራ ይሠራላችኋል። እዚህ አንድ ጥያቄ ይዘን፣ ጀማሪ ከሚጽፈው ኮድ ተነስተን 1 ሰከንድ ውስጥ ለመግባት እስከሚበቃው ድረስ እንሄዳለን።

ጥያቄው ፊንላንዳዊው አንቲ ላክሶነን ባዘጋጀው የሲኤስኢኤስ ስብስብ ውስጥ የሚገኘው «ፋክተሪ ማሽንስ» ነው። አንድ ፋብሪካ ብዙ ማሽኖች አሉት። እያንዳንዱ ማሽን አንድ ዕቃ ለመሥራት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት ተሰጥቷል። ሁሉም ጎን ለጎን ይሠራሉ። የታዘዘው ዕቃ እንዲሟላ ቢያንስ ስንት ሰከንድ ያስፈልጋል? በምሳሌው 3 ማሽኖች አሉ፤ 3፣ 2 እና 5 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። የታዘዘው 7 ዕቃ ነው፤ መልሱ 8 ሰከንድ።

ገደቡን አስሉ

ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት ጥያቄው ላይ የተጻፉትን ገደቦች አንብቡ። ማሽኖቹ እስከ 200,000፣ የሚታዘዘው ዕቃ እስከ 1 ቢሊዮን፣ አንድ ዕቃ የሚፈጀው ጊዜም እስከ 1 ቢሊዮን ሰከንድ ሊደርስ ይችላል። የጀማሪው ኮድ አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱን ከ1 ጀምሮ እየቆጠረ ይሄዳል። በየሰከንዱ ማሽኖቹን ሁሉ በፎር ሉፕ ያያል፤ ሰከንዱ ለማሽኑ ጊዜ ያለ ቀሪ ከተካፈለ አንድ ዕቃ ይደምራል፤ ትእዛዙ ሲሞላ ያቆማል። በምሳሌው ይህ 24 ፍተሻ ብቻ ነው። ግን 1 ቢሊዮን ሰከንድ የሚፈጅ አንድ ማሽን ብቻ ኖሮ 1 ቢሊዮን ዕቃ ቢታዘዝስ? መልሱ ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ሰከንድ ነው። ተራ ፓይተን በሰከንድ 10 ሚሊዮን ያህል ቀላል ሥራ ይሠራል ብንል፣ ሉፑ ከ3,000 ዓመት በላይ ይሮጣል። እንዲህ ያለውን ኮድ መስመር በማሳጠር ወይም ሊስቱን በሌላ በመቀየር ማዳን አይቻልም።

ትንሽ የገፉ ተማሪዎች እዚህ ላይ ወደ ሂፕ ይሄዳሉ፤ ቀድሞ የሚጨርሰውን ማሽን እያወጡ መልሰው ያስገባሉ። ትእዛዙ ጥቂት ሺህ ቢሆን ጥሩ መንገድ ነበር። ለ1 ቢሊዮን ዕቃ ግን 1 ቢሊዮን ጊዜ ማውጣትና ማስገባት አለ፤ ይህ ደቂቃዎችን ይበላል።

ጥያቄውን ገልብጡት

ሁለቱም ሙከራዎች «ስንት ሰከንድ ይፈጃል?» የሚለውን በቀጥታ ለመመለስ ይደክማሉ። «ይህን ያህል ሰከንድ ይበቃል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን መልሱ በአንድ መስመር ይገኛል። 8 ሰከንድ ቢሰጥ የመጀመሪያው ማሽን 8 // 3 ማለትም 2፣ ሁለተኛው 4፣ ሦስተኛው 1 ዕቃ ይሠራል፤ ድምሩ 7፣ ስለዚህ ይበቃል። 7 ሰከንድ ቢሰጥ 2፣ 3 እና 1፣ ድምሩ 6፤ አይበቃም። የሰዓቱ ቆጠራ ቀረ፤ ለአንድ ግምት ማሽኖቹን አንዴ ማየት ይበቃል።

ሌላም ነገር አለ፤ አንድ ሰዓት ከበቃ ከእሱ የሚበልጠው ሁሉ ይበቃል። ካልበቃ ደግሞ ከእሱ የሚያንሰው ሁሉ አይበቃም። ባይናሪ ሰርች የሚሠራው በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ይህን ሳታረጋግጡ ወደ ኮዱ አትለፉ። ብዙ ሰው ባይናሪ ሰርችን የተደረደረ ሊስት ውስጥ ቁጥር መፈለጊያ አድርጎ ብቻ ይማረዋል። ሊስት በሌለበት፣ መልሱ ራሱ ላይ መፈለግ እንደሚቻል ማወቅ በእኔ እምነት ለጀማሪ ትልቁ እርምጃ ነው።

መሃሉን እየያዛችሁ ጥበቡ

የፍለጋው ታች 1 ይሁን። ላዩ ደግሞ ፈጣኑ ማሽን ብቻውን ቢሠራ የሚፈጅበት ጊዜ ይሁን፤ በምሳሌው 2 ጊዜ 7፣ 14። ፓይተን 3 የቫሪያብል ስም በፊደላችን መጻፍን ስለሚፈቅድ፣ ሦስቱ ዋና መስመሮች እንደሚከተለው ቢጻፉ በትክክል ይሠራሉ፦

መካከል = (ታች + ላይ) // 2
ላይ = መካከል
ታች = መካከል + 1

ሁለተኛው መስመር መካከሉ ሲበቃ፣ ሦስተኛው ሳይበቃ ሲቀር ነው። የዋይል ሉፑ ታች ከላይ እስካነሰ ድረስ ይዞራል። በእጅ እንከተለው። ከ1 እስከ 14 መካከሉ 7 ነው፤ 6 ዕቃ ስለሚሰጥ አይበቃም፣ ታች 8 ሆነ። ቀጥሎ 11፤ 10 ዕቃ ይሰጣል፣ ላይ 11 ሆነ። ቀጥሎ 9፤ 8 ዕቃ፣ ላይ 9 ሆነ። ቀጥሎ 8፤ ልክ 7 ዕቃ፣ ላይ 8 ሆነ። ታችና ላይ ተገናኙ፤ መልሱ 8። መካከሉ ሲበቃ ላዩን ከመካከሉ በአንድ ዝቅ ብታደርጉት፣ መካከሉ ራሱ መልሱ በሆነበት ዙር ትክክለኛውን መልስ ትጥሉታላችሁ።

ማካፈያው ሁለት ሰረዝ መሆኑን ልብ በሉ። በአንድ ሰረዝ ካካፈላችሁ ፓይተን ውጤቱን ወደ አስርዮሽ ቁጥር ይለውጠዋል። ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን አካባቢ አጎራባች አስርዮሾች በ128 ይራራቃሉ። ምሳሌው ያልፋል፤ ትልቁ ቴስት ይወድቃል፤ ምክንያቱም ቶሎ አይታይም።

አሁን ኮዱን አሹት

ሰፊው ክልል በ60 ዙር ያህል ይጠባል። 60 ዙር በ200,000 ማሽን 12 ሚሊዮን ማካፈል ነው፤ ለተራ ፓይተን ከ1 ሰከንድ ገደብ ጋር ይታገላል። ጥቃቅኑ ማሻሻያ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ነው። ግብዓቱን በኢንፑት ቁራጭ በቁራጭ ከማንበብ ከስታንዳርድ ኢንፑት በአንድ ጊዜ አንብቡ። ሥራውን ሁሉ ፈንክሽን ውስጥ አስገቡ፤ የፈንክሽን ውስጥ ቫሪያብሎች ከግሎባሎቹ ይፈጥናሉ። መድረኩ ፓይፓይ የተባለውን ሌላ የፓይተን ማስኬጃ የሚቀበል ከሆነም እሱን ምረጡ፤ እንዲህ ላለ ሉፕ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የምወደው ግን ክልሉን ከመጀመሪያው ማጥበብ ነው። የማሽኖቹን ፍጥነት ደምሩ፤ በምሳሌው 1/3 + 1/2 + 1/5፣ ማለትም 1.033 ገደማ ዕቃ በሰከንድ። ያላለቀ ዕቃ ባይኖር ኖሮ 7ን ለዚህ ማካፈል፣ 6.77፣ መልሱ በሆነ ነበር፤ እውነተኛው መልስ ከዚህ አያንስም። እያንዳንዱ ማሽን ባላለቀ ሥራ የሚያጎድለው ከ1 ዕቃ በታች ነው። ስለዚህ በትእዛዙ ላይ የማሽኖቹን ብዛት ጨምረን 10ን ብናካፍል 9.68 ይመጣል፤ መልሱ ከ10 አይበልጥም። ከ14 ግምቶች ወደ 4 ወረድን። በትልቁ ቴስት የክልሉ ስፋት ከ1 ቢሊዮን ብዙም ስለማያልፍ 60ው ዙር ወደ 30 ይወርዳል፤ ሥራው በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ፍጥነቶቹን በተራ ሰም አትደምሩ፤ የማዝ ሞጁሉን ኤፍሰም ተጠቀሙ። የአስርዮሽ ስህተትም ስለሚኖር ታቹን በ1,000 ዝቅ፣ ላዩን በ1,000 ከፍ አድርጉ፤ ታቹ ከ1 እንዳይወርድ ጠብቁ።

ቀርፋፋውን ኮድ ዳኛ አድርጉት

ከ1 እስከ 5 ማሽኖች፣ ከ1 እስከ 10 የሆኑ ጊዜዎችና ትእዛዞች በራንደም አውጡና ሁለቱን ኮዶች በሺህ የሚቆጠር ጊዜ አወዳድሩ። መልሶቹ የተለያዩበት የመጀመሪያው ግብዓት ትንሽ ስለሚሆን ስህተቱን በእጅ ተከታትላችሁ ታገኙታላችሁ። ለትልልቁ ደግሞ መልሱን በወረቀት የምታውቁትን ቴስት ስጡት፤ 200,000 ማሽኖች ሁሉም 1 ቢሊዮን ሰከንድ የሚፈጁ፣ ትእዛዙ 1 ቢሊዮን ዕቃ። እያንዳንዱ ማሽን 5,000 ዕቃ ይደርሰዋል፤ መልሱ 5,000 ቢሊዮን ሰከንድ ነው። ፍጥነቱን የምትለኩት ግን በተለያዩ ራንደም ቁጥሮች ይሁን።

ይህ ካለፈላችሁ ሊትኮድ ላይ ቁጥር 2187ን ሞክሩ፤ በአውቶቡስ ጉዞ የተነገረ ይኸው ጥያቄ ነው። ቀጥሎ ቁጥር 875፤ እዚያ የሚፈለገው ዝቅተኛ ፍጥነት ስለሆነ «ይበቃል ወይ?» የሚለውን ፈንክሽን ራሳችሁ መፍጠር አለባችሁ። ከዚያ ወደ ሲኤስኢኤስ ተመልሳችሁ «አሬይ ዲቪዥን»ን ሥሩ።