የማህፀን ሽፋን ሲወፍር ፕሮጄስትሮን ለምን ይታዘዛል?

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሴት ነኝ። የወር አበባዬ ሁለት ሦስት ወር ይጠፋና ሲመጣ በብዛት ይፈሳል። በአልትራሳውንድ የማህፀኔ ውስጠኛ ሽፋን ወፍሮ ስለተገኘ ፕሮጄስትሮን ታዘዘልኝ። ያወፈረው ሆርሞን ከሆነ ሌላ ሆርሞን ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ሁለቱ ሆርሞኖች ሥራቸው ስለሚለያይ ነው። ከወር አበባ በኋላ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚቀረውን ሽፋን መልሶ የሚያሳድገው ኢስትሮጅን ነው። ይህን የሚያደርገው ግን በዋናነት በመልእክተኞች በኩል ነው፦ የሽፋኑ ደጋፊ ሴሎች አይጂኤፍ-1 የተባለ እድገት ቀስቃሽ ፕሮቲን እንዲያመነጩ ያደርጋል፤ ይህም ሲደርሳቸው በአጠገባቸው ያሉት የእጢ ሴሎች ይባዛሉ። ቪኢጂኤፍ የተባለው ደግሞ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉ ያግዛል።

እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚመነጨው ፕሮጄስትሮን መባዛቱን ይገታል፤ አይጂኤፍን የሚይዝ ፕሮቲን እንዲመረትም ያደርጋል። እንቁላል ካልወጣ ይህ ልጓም የለም። የሰውነት ስብም ኢስትሮጅን ስለሚያመርት ከመጠን ያለፈ ክብደት ነገሩን ያባብሰዋል።

ሁኔታው ለዓመታት ችላ ከተባለ ወደ ካንሰር ሊያመራ ስለሚችል፣ እባክዎ መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፤ የሽፋኑ ናሙና መመርመር ያስፈልግ እንደሆነም ሐኪምዎን ይጠይቁ።