ፓምፑ ይጮኻል፣ ውሃው አይወርድም

ጥያቄ፦ የምኖረው ቆቦ ነው። እህቴ ከውጭ ያመጣችልኝ የኤስፕሬሶ ማሽን ለወራት በደንብ ሠርቶ አሁን ፓምፑ ይጮኻል፤ ቡናው ግን ጠብ አይልም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ የቡናውን እጀታ አውልቀው ያስነሱት። ውሃ በደንብ ከወረደ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ቡናው ከመጠን በላይ ልሟል ወይም ጠቅጥቀውታል። ካልወረደ የወተት ማፍያውን ቧንቧ ከፍተው ፓምፑን ይሞክሩ። በዚያ በኩል ውሃ ከመጣ የተደፈነው ከእጀታው በላይ ያለው ወንፊት ነው፤ ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው፣ ሲበርድ ወንፊቱን ፈተው ይቦርሹት። በሁለቱም ካልመጣ አየር ይዞት ይሆናል። ማጠራቀሚያውን ሞልተው፣ ቧንቧው እንደተከፈተ ለ20 ሰከንድ ያህል ያስነሱትና ያሳርፉት፤ ይደጋግሙ። ፓምፕ ያለ ውሃ ሲሠራ ከቆየ ይቃጠላል።

እኔ ግን የምጠረጥረው ውሃውን ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ አገር ነው፤ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይወጣል። ማንቆርቆሪያዎን ውስጡን ይዩት። ነጭ ቅርፊት ከያዘ በማሽኑ ቀጫጭን ቱቦዎችም ያው አለ። (ጀበና ግድ የለውም፤ ቱቦም ፓምፕም የለው!) የማሽኑ መመሪያ ከፈቀደ በ1 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ አሟሙተው ግማሹን ያሳልፉ፤ 20 ደቂቃ አቆይተው ቀሪውን ያሳልፉና በንጹህ ውሃ ደጋግመው ያጥቡት። የሎሚ ጭማቂ አይጨምሩ፤ የሎሚው ቃጫ ራሱ ይደፍናል። ከዚህ በኋላ ውሃውን አፍልተው ያሳድሩ፣ የዘቀጠውን ትተው ከላይ ይቅዱ።