ገበሬውና ከተሜው በአንድ ሚዛን ፊት



ባለፈው ውይይታችን ከመካከላችን አንድ ወንድም ተነሥቶ «ለመሆኑ ከተማ ለገበሬው ምን አደረገለት?» ሲል ጠየቀ። በቂ መልስ ሳይሰጥ ሰዓቱ አለቀ። እኔም ከዚያ ወዲህ ሳስብበትና ስጠይቅ የቆየሁትን በአጭሩ አቀርባለሁ።

አስቀድሜ ያየሁትን ልናገር። በመስከረም ወር ከከተማችን ዳር ካለ አንድ የእሸት ቡና መግዣ ቦታ ቆሜ ነበር። አንዲት እናት የለቀሙትን ቀይ ቡና በጀርባቸው አዝለው መጡ። ገዢው መዘነና «አሥራ አንድ ኪሎ» አለ፤ እሳቸውም የተሰጣቸውን ተቀብለው ሄዱ። የሚዛኑ መርፌ ግን ከአሥራ ሁለት አልፎ ነበር። አይቼ ዝም አልሁ፤ ይህም እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የከተማችን ስም ሚዛን መሆኑ ለጨዋታ ይመች ይሆናል፤ ለእናቲቱ ግን ጨዋታ አልነበረም።

«ለምን ወደ ሌላ ገዢ አልወሰዱትም?» የሚል ይኖራል። እሸት ቡና ቀን አይሰጥም። ለማጠቢያ የሚሸጥ ከሆነ በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት፤ አለዚያ ይበላሻል። የቀረው መንገድ ወደ ቤት መልሶ በፀሐይ ማድረቅና በጀንፈል መሸጥ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሳምንታት መጠበቅ ያስፈልጋል። በክረምት እህል ያለቀበት ሰው ግን ቡናው ገና በዛፉ ላይ ሳለ ከነጋዴ ገንዘብ ይበደራል፤ መስከረም ሲጠባ ዋጋው ያለቀለት ነገር ነው። በሌላው ጫፍ ያለው የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ አንድ ኪሎ ቡና ለመግዛት ኪሱን ደጋግሞ ይዳብሳል። ሁለቱ አይተዋወቁም፤ በመካከላቸው ከ550 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድና ብዙ እጅ አለ።

እነዚህን ሁለት ወገኖች ለማገናኘት በአገራችን ከተደረጉት ሙከራዎች ሰፊው ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ነው። ወደ 60 ሺሕ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ገና ሳይረጋጉ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ገበሬውም ቢያንስ በ20 ጋሻ መሬት ላይ በማኅበር እንዲደራጅ ታዘዘ። በማደራጀቱም ሥራ ዘማቾቹ ተሰለፉ። በዚያን ጊዜ ሚዛን በከፋ፣ ቴፒ በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ነበሩ። በከፋ፣ በተለይም በጅማ አካባቢ፣ ዘማቾቹና ባለሥልጣኖች ተጋጭተው ደም ፈሰሰ። የከተማ ልጅ ለገበሬው ብሎ የተንገላታበት ጊዜ እንደ ነበረ መካድ አይገባም።

እኔ ግን ከሁሉ የማስበልጠው ከዚያ በኋላ የመጣውን ፊደል ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1980 ሸለመው። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ በከፋና በሸካ (ያኔ ሞቻ በሚባለው) ቋንቋም ጭምር ነበር። የቤንች ገበሬ ግን በራሱ ቋንቋ አልተማረም። ያም ሆኖ ቁጥር ለይቶ ካርኒ ማንበብ የቻለ ሰው ሚዛን ፊት የሚቆመው በሌላ አቋም ነው።

ማኅበሮቹ ግን እንደ ፊደሉ አልጸኑም። የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር በየቦታው ቢቋቋምም ዋጋው ከበላይ ተቆርጦ የሚመጣ ስለ ነበረ ገበሬው እንደ ራሱ ንብረት አልቈጠረውም። የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና ወዲያውም መንግሥት ሲለወጥ ብዙዎቹ ፈረሱ፤ መጋዘናቸውም የተዘረፈ አለ። በፈቃድ ላይ የተመሠረተው ኅብረት ሥራ የቆመው በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ነው። አባሉ ዕጣ ይገዛል፤ ብዙ ዕጣ ያለውም ጥቂት ያለውም ድምፁ አንድ ነው፤ ከተጣራው ትርፍ ከፊሉ ለመጠባበቂያ ተቀምጦ የቀረው ለአባላት ይከፈላል። ማኅበሮቹ ተባብረው ዩኒየን ያቆማሉ። ከሚዛን ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በቦንጋ የከፋ የደን ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በዚህ ዓይነት ተመሠረተ፤ «ጌኦ» በሚባል የጀርመን መጽሔት በኩል የተቋቋመ የደን ጥበቃ ማኅበርም ረድቶታል። እንግዲህ ከሩቅ አገር ከተማ የተቀመጡ መጽሔት አንባቢዎች ከደን ቡና ለቃሚ ጋር ተገናኙ ማለት ነው!

አሁን ደግሞ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የእሑድ ገበያ አለ። መንገድ ተዘግቶ ማኅበራትና ዩኒየኖች ሽንኩርት፣ ጤፍና አትክልት በቀጥታ ለነዋሪው ይሸጣሉ። ነገሩ መልካም ነው፤ ግን በይበልጥ የሚጠቅመው ቅርብ ያለውን ገበሬ ነው። የኛው ገበሬ ጎደሬውን ተሸክሞ አዲስ አበባ አይደርስም። ቡናውም ቢሆን ለውጭ ገበያ የተዘጋጀውን በአገር ውስጥ መሸጥ በሕግ ተከልክሎ ስለ ኖረ፣ ከተሜው የሚጠጣው በአብዛኛው ከዚያ የተረፈውን ነበር። የቡናችን ግማሽ ያህል እዚሁ አገር እንደሚጠጣ ስናስብ ይህ ይገርማል። ስለዚህ ለኛ አካባቢ የሚሻለው መኪናና መጋዘን ያለው ዩኒየን ከከተማ ሸማቾች ማኅበር ጋር ውል ገብቶ ኮረሪማውን፣ ጥምዙን፣ ማሩንና እርዱን በአንድነት ቢልክ ይመስለኛል። ሸማቹም ከማን እንደ ገዛ ያውቃል።

ይህ የትልልቆች ሥራ ነው፤ ከኛ ዐቅም በላይ ነው ትሉ ይሆናል። ለኛ ዐቅም የሚሆነውን ላቅርብ። ከመስከረም እስከ ኅዳር እሸት በሚለቀምበት ጊዜ፣ ማኅበሮቹ ከፈቀዱልን፣ ሁለት ሁለት ሆነን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚዛናቸው አጠገብ እንቁም። አንዱ የመርፌውን ቁጥር ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ሁለተኛው ካርኒው ላይ የተጻፈውን ለባለ ቡናው በቤንችኛ፣ በሸክኛ ወይም በከፍኛ ይንገር። ቤንችኛ የምትችሉ እኅቶችና ወንድሞች ስማችሁን ለጸሐፊያችን አስመዝግቡ፤ እስካሁን የተመዘገብነው ሦስት ብቻ ነን፤ ከሦስታችንም አንዱ ቋንቋውን በቅጡ አይችልም፤ እርሱም እኔ ነኝ።