በውል ላይ የተጻፈው የፈረስ ቀለም ሲለወጥ

በሽያጭ ውል ላይ «ጥቁር» ተብሎ የሰፈረ ውርንጭላ ከሰባት ዓመት በኋላ አምባላይ ሆኖ ቢገኝ፣ ሻጭና ገዢ ሽማግሌ ፊት ከመቆማቸው በፊት አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

አምባላይ የሚባሉት ፈረሶች አብዛኞቹ ነጭ ሆነው አይወለዱም። ሲወለዱ ጥቁር፣ ዳማ ወይም ቀይ ናቸው፤ ጠጉራቸው ቀስ በቀስ ይሸብታል፣ መካከል ላይ ዳልቻ ይሆናል፣ ብዙዎቹም ከ6 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ ይነጣሉ። ቆዳቸው ግን እንደጠቆረ ይቀራል። ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ለይተው ያሳወቁት የዘረመል ለውጥ ነው ይህን የሚያመጣው። አንድ ቅጂ ከአንዱ ወላጅ መውረስ ይበቃል። ስለዚህ ከሁለት የማይሸብቱ ወላጆች የሚሸብት ውርንጭላ አይጠበቅም። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው አምባላይ ድንጉላ ዳማ ባዝራ ቢያጠቃ ደግሞ በአማካይ ከልጆቹ ግማሹ ብቻ ይሸብታሉ። «የሱ ልጆች ሁሉ ነጭ ናቸው» እያለ የማስጠቂያ ዋጋ የሚያስወድድ ባለድንጉላ ካለ፣ ያደጉ ልጆቹን ያሳይ።

ገላው፣ ጋማውና ጭራው ሁሉ ቀይ የሆነ ፈረስም የራሱ ደንብ አለው። ሁለቱም ወላጆች እንዲህ ከሆኑ ውርንጭላው ቀይ ይሆናል። ጥቁር ጋማ ይዞ ከመጣ ባዝራዋን ያጠቃው ሌላ ድንጉላ ነው።

የአምባላይ ውበት ዋጋም ያስከፍላል። ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት ያለፈ አብዛኞቹ በጭራ ሥር፣ በፊንጢጣ ዙሪያ ወይም በከንፈር ጥቁር እባጭ ያወጣሉ። እባጩ ለዓመታት በዝግታ ቢያድግም ወደ ውስጥ አካል ሊሰራጭ ይችላል። ገዢ ጥርስ ማየቱን ያውቅበታል፤ ጭራ ማንሳቱን ግን ይረሳል።

ታዲያ በውሉ ላይ ምን ይጻፍ? ከቀለሙ ጋር የግንባሩ ቦራ ቅርጽ፣ ነጭ የሆኑት እግሮች የትኞቹ እንደሆኑና ነጩ እስከ የት እንደሚደርስ፣ በግንባርና በአንገት ላይ ጠጉሩ የሚዞርበት ሽክርክሪት ያለበት ቦታ። ሽክርክሪት በዕድሜ አይለወጥም። ፈረሱ ሙሉ በሙሉ ቢነጣም ግንባሩን በውሃ ማርጠብ ነው፤ ከቦራው ሥር ያለው ሮዝ ቆዳ ከጥቁሩ ተለይቶ ይታያል።

በጫንቃ ወይም በጀርባ ላይ ያለ ነጭ ነጠብጣብ ግን ብዙ ጊዜ ከዘር የመጣ ምልክት አይደለም። የጋሪ ዕቃ ወይም ኮርቻ ያቆሰለው ቦታ ሲድን ነጭ ጠጉር ያበቅላል፤ ወደ ውርንጭላ አይተላለፍም፣ የዋጋ መደራደሪያ ግን ይሆናል።