የሰንጠረዥ ወረራና የደንብ ሙከራ

ቅድመ ንባብ
ከጓደኛችሁ ጋር ስትጫወቱ በጨዋታው ደንብ ሳትስማሙ ቀርታችሁ ታውቃላችሁ? አለመግባባቱን የፈታችሁት እንዴት ነበር?

ምንባብ

ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ መኳንንት ዘንድ ለረጅም ዘመን ሲወደድ የኖረ የጦር ጨዋታ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የትግራይ ገዥ የነበሩት ራስ ወልደ ሥላሴ ይጫወቱት እንደነበር በዚያን ጊዜ ወደ አገራችን የመጡ እንግሊዛውያን ጽፈዋል። ጨዋታው 64 ቤቶች ባሉት ገበታ ላይ ይካሄዳል። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ፣ በድምሩ 16 ጠጠሮች ያሰልፋል።

ሰንጠረዥን ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለየው ዋናው ነገር ወረራ የተባለው የመጀመሪያው ክፍል ነው። በወረራ ጊዜ ተጫዋቾቹ ተራ አይጠብቁም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደ ፈቀዳቸው ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱም የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለዋውጣል። አንድ ጠጠር ከተበላ በኋላ ግን ጨዋታው በየተራ ይቀጥላል።

ይህ ደንብ በሁለት ጓደኛሞች መካከል ምን ዓይነት ጥያቄ ሊያስነሣ እንደሚችል በምሳሌ እንመልከት። ናይሮቢ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ለኬንያዊ ጓደኛው ሰንጠረዥ ያስተምረዋል እንበል። ኬንያዊው የሚያውቀው በየተራ የሚካሄደውን ቼዝ ነው። ስለዚህ በወረራው ጊዜ ገና እያሰበ ሳለ ይቀደማል። በሦስተኛው ሽንፈት «ይህ የእጅ ፍጥነት እንጂ የአእምሮ ውድድር አይደለም፤ ከእንግዲህ አልጫወትም» ይላል። ኢትዮጵያዊውም «ወረራ ከሌለማ ሰንጠረዥ ምኑን ሰንጠረዥ ሆነ!» ብሎ ይመልሳል። አንደኛው ስለ ፍትሕ፣ ሁለተኛው ስለ አባቶቹ ጨዋታ ይከራከራል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ክርክሩ በዚሁ ከቀጠለ ገበታው ይታጠፋል፤ ወዳጅነታቸውም ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ ለራሳቸው የሚሆን ደንብ አውጥተው ለመሞከር ይስማማሉ። በመጀመሪያው ሙከራ እያንዳንዱ በወረራ ጊዜ ተራ ሳይጠብቅ፣ ከገበታው እኩሌታ ሳያልፍ፣ አሥር ጊዜ ብቻ እንዲያንቀሳቅስ ይደነግጋሉ። ደንቡ በቃል ሲነገር መልካም ይመስላል። በገበታው ላይ ሲሞከር ግን ያልታሰበ ጉድለት ይታያል። አሥሩን ቀድሞ የጨረሰ አሰላለፉን ሊለውጥ አይችልም፤ የዘገየው ግን የባላጋራውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን ይወስናል። በመሆኑም ሁለቱም እጃቸውን አጣጥፈው መጠባበቅ ይጀምራሉ። የጥድፊያ ችግር ጠፍቶ የመዘግየት ችግር ይተካል።

በሁለተኛው ሙከራ አሥሩን እንቅስቃሴ በየተራ ያደርጋሉ፤ ጀማሪውም በየጨዋታው ይለዋወጣል። አሁን የሚጠባበቅም የሚጣደፍም የለም። ሆኖም የጦር ሜዳውን ግርግር የሚያስመስለው የወረራው ሞቅታ ይቀንሳል። ሁለቱ ጓደኛሞች ይህን መዝነው፣ ኬንያዊው ጨዋታውን እስኪለምድ ድረስ በየተራው ደንብ ሊጫወቱ፣ ከዚያ በኋላ ግን ወደ ጥንቱ ወረራ ሊመለሱ ይወስናሉ። አዲሱ ደንብ ለእነርሱ መለማመጃ እንጂ የጥንቱ ደንብ መሻሪያ አልሆነም።

ደንብን ፈትኖ ማሻሻል የልጆች ሥራ ብቻ አይደለም። ሄልቪግ የተባለ ጀርመናዊ የሒሳብ መምህር ቼዝን መሠረት አድርጎ፣ 1,617 ቤቶች ባሉት ገበታ ላይ እግረኛ፣ ፈረሰኛና መድፈኛ የሚዋጉበትን የጦር ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1780 በመጽሐፍ አውጥቶ ነበር። እርሱም ቢሆን በመጀመሪያው ሥራው ሳይወሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1803 ጨዋታውን አሻሽሎ እንደገና አሳትሞታል።

እንግዲህ ደንብን የሚሞክር ሰው ሊጠብቃቸው የሚገቡ አራት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ደንብ ብቻ ይለውጥ፤ ብዙ ከለወጠ ጥቅሙም ጉዳቱም ከየትኛው እንደ መጣ አያውቅም። ሁለተኛ፣ በተጀመረ ጨዋታ መካከል ደንብ አይለውጥ። ሦስተኛ፣ የእያንዳንዱን ጨዋታ ውጤት በጽሑፍ ይያዝ። አራተኛ፣ ደንቡን ያመጣው ራሱ የደንቡን ቀዳዳ እየፈለገ ይጫወት፤ ሐሳቡን የሚወድ ሰው ጉድለቱን ቶሎ አያይምና። በክርክር የተረታ ሰው አፉ ዝም ቢልም ልቡ አይረታም፤ በሙከራ የታየውን ግን ሁለቱም ወገኖች ይቀበሉታል።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የያዙትን ፍች ጻፉ፦ ወረራ፣ አሰላለፍ፣ ባላጋራ፣ መሻሪያ፣ ቀዳዳ።

ለ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልሱ።
1. ኬንያዊው ተማሪ ወረራን የተቃወመው ለምንድን ነው?
2. የመጀመሪያው ሙከራ ያስከተለው አዲስ ችግር ምን ነበር?
3. «ሁለቱም እውነት አላቸው» የተባለው ስለ ምን ይመስላችኋል?

ሐ. በአካባቢያችሁ በገበጣ ወይም በሌላ ጨዋታ ላይ አንድ የደንብ ልዩነት ምረጡ። ከጓደኛችሁ ጋር በሁለቱም ደንቦች ተጫውታችሁ፣ ያያችሁትን በሁለት አንቀጽ ጻፉ።